ሞክሼ ቃላት፦ የአንዲት አጭር ቃል ካርድ አሠራር

ሀዋሳ ውስጥ ሱቅ ገብቶ «ስኳር አለ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ባለሱቁ በሲዳምኛ «ኖ» ካለው መልሱ «አለ» ነው። የለም ሲባል «ዲኖ» ነው። እንግሊዝኛ ብቻ በጆሮው ያለ ልጅ ግን «ኖ»ን ሲሰማ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለጃፓንኛ ተናጋሪ ደግሞ «ኖ» «አለ»ም «የለም»ም አይደለም፤ እንደ አማርኛው «የ» የማን መሆኑን የሚያሳይ ቃል ነው።

ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች «ሞክሼ» ይባባላሉ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም ሞክሼ ፊደላት ናቸው። በዚሁ ልማድ እነዚህን ሞክሼ ቃላት እንበላቸው፦ ስማቸው አንድ፣ ቤተሰባቸው ሌላ። የሚከተለው ለቋንቋ መምህራንና ለትምህርት ቤት ክበባት የተዘጋጀ ነው። አንዲት አጭር ቃል ይዞ፣ በየቋንቋው ያላትን ትርጉም ሰብስቦ፣ መመሳሰሉ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አንድ የተሟላ ካርድ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ሀዋሳ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ከመናኸሪያው እስከ ሐይቁ ዳር በባጃጅ ለሄደ ሰው ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ኦሮምኛ በአንድ መንገድ ላይ ይሰማሉ። የከተማዋ ስም ራሱ ለኦሮምኛ ተናጋሪ ጆሮ «ማኅበረሰብ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል።

ቃሏን መምረጥ

ቃሏ ባለ አንድ ፊደል፣ ቢበዛ ባለ ሁለት ፊደል ትሁን። አጭር ቃል የሚመረጥበት ምክንያት ቀላል ሒሳብ ነው። የፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሞክሼዎቹን ስንቀንስ የሚቀሩት ልዩ ልዩ ድምፆች ከ200 በታች ናቸው። ሌሎች ቋንቋዎችም ከዚህ ብዙ የራቀ ክምችት የላቸውም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ያንሳሉ። በዓለም ላይ 7000 ገደማ ቋንቋዎች አሉ። ሁሉም ከዚች ጠባብ ማሰሮ እየጨለፉ «እኔ»፣ «የ»፣ «አዎ»፣ «ና» የሚሉ አጫጭር ቃላት ሲሠሩ ተመሳሳይ ድምፅ መጨለፋቸው የማይቀር ነው። ባለ አራትና ባለ አምስት ፊደል ቃል በድምፅም በትርጉምም ከገጠመ ግን አጋጣሚ የመሆን ዕድሉ በጣም ይጠብባል። እንዲህ ያለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የተወሰደ ነው።

ለጀማሪ «ና»፣ «ኑ»፣ «ዋ» እና «ማ» ጥሩ ናቸው። አራቱም በአማርኛ ሕያው ቃላት ናቸው። «ዋ!» ለማስጠንቀቂያ ነው፤ «ማ» ደግሞ «ማ መጣ?» ሲባል የሚሰማው ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ አንድ ካርድ ይሆናል። እርሳስ ይያዙ፣ እስክሪብቶ አይሁን፤ መጀመሪያ የተጻፈው አነባበብ መታረሙ አይቀርም። ድምፅ የሚቀዳ ስልክም ያስፈልጋል። በካርዱ ፊት አምስት ዓምድ ይስመሩ፦ ቋንቋ፣ አነባበብ፣ ትርጉም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ የተናጋሪው ሁኔታ። በመጨረሻው ዓምድ ስም አይጻፍ፤ ዕድሜ በግምት፣ ያደጉበት አካባቢና የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይበቃል። ጀርባው ባዶ ይቆይ፤ ለፈተናው ነው።

አጠያየቅ

ብዙ ካርድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ና በቋንቋችሁ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ መልስ ያስገኛል፤ ግን መልሱ አይታመንም። ተጠያቂው በጨዋነት እንግዳውን ባዶ ላለመመለስ በድምፅ የሚቀርብ ሌላ ቃል ፈልጎ ይሰጣል። ወይም የአማርኛውን «ና» እያሰበ ይመልሳል። የሚሻለው ከትርጉም ተነሥቶ መጠየቅ ነው፦ «ጋሼ፣ ‹ጥራኝ› ለማለት በኦሮምኛ እንዴት ይላሉ? ‹ጥራን›ስ?» ሲመልሱ «ና ዋሚ»፣ «ኑ ዋሚ» ይላሉ። ቃሏ ሳትጠራ ራሷ መጣች። «ኝ» እና «ን»ን የተሸከመችው ቃል የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ግሡን ይቀይሩ፤ «ተመልከተኝ» ብለው ይጠይቁ። «ና ኢላሊ» ይሏችኋል። ግሡ ተለወጠ፣ «ና» አልተለወጠችም፤ ስለዚህ «እኔን» ማለት እሷ ናት።

ለአንድ ቋንቋ ቢያንስ 3 ተናጋሪ፣ ከእያንዳንዱ 2 ዓረፍተ ነገር ይውሰዱ። ከሦስቱ አንዱ በዕድሜ የገፋ ሰው ይሁን። ከተማ ያደገ ወጣት ሁለት ሦስት ቋንቋ ስለሚቀላቅል የአማርኛ ቃል በሲዳምኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳያውቀው ሊያስገባ ይችላል። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው ይያዙ፤ ከዚያ ከቀረበ ትንፋሽ ይገባል። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም። በሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ጠዋት ዓሣ በሚራገፍበት ሰዓት ጥያቄ ማቅረብ ለማንም አይጠቅምም፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ የሚጠጡበትን ጊዜ ይጠብቁ። ከመቅዳትዎ በፊትም ለምን እንደሚቀዱ ተናግረው ያስፈቅዱ።

አጻጻፍ፦ መጥበቅ፣ መላላት፣ መርዘም

የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ደግሞ «ዋና ጉዳይ»። አማርኛ ተናጋሪ ከዓረፍተ ነገሩ ስለሚረዳው አይቸገርም። በካርድ ላይ ግን ቃሏ ብቻዋን ስለምትቆም በአነባበብ ዓምድ «ጠ» ወይም «ላ» ብለው ምልክት ያድርጉ።

ሁለተኛው ችግር የአናባቢ ርዝመት ነው። አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም አይለይም፤ ኦሮምኛና ሲዳምኛ ይለያሉ። በኦሮምኛ አናባቢው ሲያጥር «ለፈ» መሬት ነው፤ ረዝሞ «ላፋ» ሲሆን ለስላሳ ነው። «ና» ራሷ ስታጥር «እኔን»፣ ስትረዝም «ለእኔ» ናት። አጭሯ «ና» ለአማርኛ ጆሮ በ«ነ» እና በ«ና» መካከል ትወድቃለች፤ ስለዚህ መዝጋቢው አንድ ቀን «ነ»፣ ሌላ ቀን «ና» ጽፎ ሁለት ቃል ያገኘ ሊመስለው ይችላል። መፍትሔው በቁቤ የሚጽፍ ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። በቁቤ ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ፣ የሚጠብቅ ተነባቢም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሲዳምኛና ወላይትኛም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ የእነሱንም እንዲሁ ማረጋገጥ ይቻላል።

ይህ ጥንቃቄ የጽሕፈት ማሳመሪያ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛ «ዱኣ» ሞት ነው። ከዓረብኛ የመጣው «ዱዓ» በአማርኛ የሙስሊሞች ጸሎት ነው፤ ኦሮምኛም ቃሉን ሲወስድ መጨረሻውን አርዝሞ «ዱኣኢ» ብሎታል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ጽፎ ሐዘን ቤት ያለ ሰው ፊት ያነበበ መዝጋቢ ሰውን ያስቀይማል።

የቤተሰብ ፈተና

አሁን ካርዱን ይገልብጡ። ከሥራው ሁሉ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ክፍል ይህ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ቃልን ብቻዋን ከቃል ጋር አያወዳድሩ፤ ከነቤተሰቧ አቅርባችሁ ከሌላዋ ቤተሰብ ጋር አስተያዩ።

«ና» እና «ኑ»ን እንውሰድ። በአማርኛ «ና» ለአንድ ወንድ፣ «ኑ» ለብዙ ሰው የሚባል ትእዛዝ ነው። በኦሮምኛ «ና» እኔን፣ «ኑ» እኛን ነው። በሁለቱም «ና» ነጠላ፣ «ኑ» ብዙ! ይህን ያየ ሰው አንድ ምንጭ ያገኘ ይመስለዋል። ቤተሰባቸው ይጠራ። የአማርኛዋ «ና» እኅት አላት፣ «ነይ»። የ«ኑ» መጨረሻ ድምፅም የራሷ የብቻዋ ሳይሆን የትእዛዝ ሁሉ የብዙ ቁጥር ምልክት ነው፦ ሂድ፣ ሂጂ፣ ሂዱ፤ ብላ፣ ብዪ፣ ብሉ። በኦሮምኛ በኩል «ኣኒ» እኔ፣ «ኑቲ» እኛ የሚሉ ዘመዶች ይመጣሉ፤ ለሴት የሚለይ «ነይ» የሚመስል ነገር ግን የለም። አንዱ ቤተሰብ ግሥ ነው፣ ሌላው ተውላጠ ስም። መመሳሰሉ እዚህ ላይ ያበቃል። በካርዱ ጀርባ «አጋጣሚ» ተብሎ ይጻፋል።

ወላይትኛ ይጨመር። «ታ» የእኔ፣ «ኔ» የአንተ፣ «ኑ» የእኛ ነው፤ «ኑ ኬታ» ቤታችን። ከኦሮምኛው «ኑ» ጋር ድምፁም ትርጉሙም ይቀራረባል፤ «ና» ያለችበት ቦታ ላይ ግን «ታ» ቆማለች። ሁለቱ ቋንቋዎች በሰፊው ቤተሰብ ሊዛመዱ ስለሚችሉ ይህ በችኮላ የሚቆረጥ አይደለም፤ «ያልተቆረጠ» በሚል ምድብ ይቀመጥ። ይህን ምድብ ሳይፈሩ ይጠቀሙበት። ሁሉም ነገር የተቆረጠበት ካርድ የሚያስተማምን አይደለም።

አሁን ወደ ሩቅ እንሂድ። ፈረንሳይኛ «እኛ»ን «ኑ» ይላል። ከኦሮምኛው «ኑ» ጋር ፍጹም ይገጥማል፤ ነጠላው ሲጠራ ግን ፈረንሳይኛ «ዠ» ለእኔ፣ «መ» ለእኔን ይላል። «ና» የለችም። በኮሪያኛ «ና» እኔ ማለት ነው፣ ከኦሮምኛው «ና» ጋር ይገጥማል፤ «እኛ» ግን «ኡሪ» ነው። ፈረንሳይኛ በብዙ ቁጥሩ፣ ኮሪያኛ በነጠላው ገጠመ፤ ሁለቱም በጎደለው በኩል ወደቁ።

የስዋሂሊው «ና» ከሁሉም ይበልጥ ያሳስታል፤ ልክ እንደ አማርኛው ሁለት ነገር ያያይዛል። «ሻይና ዳቦ» በስዋሂሊ «ቻይ ና ምካቴ» ነው። እዚህ ላይ ፈተናው የአጠቃቀም ነው። የአማርኛው «ና» የመጀመሪያው ቃል ጭራ ላይ ይለጠፋል፣ ይጠብቃልም። የስዋሂሊው ግን የሁለተኛው ነገር ነው፤ በተጨማሪም «ጋር» ማለት ነው፣ «አለኝ» ለማለትም «ኒና» ብለው ከእሱ ይሠራሉ፤ ቃል በቃል «እኔ ጋር» እንደማለት። የአማርኛው «ና» እንዲህ ያለ ሥራ የለውም። የሚገርመው «ሻይ» እና «ቻይ» በዚያው ሐረግ ውስጥ በእርግጥ አንድ ቃል መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም መነሻቸው የቻይናው «ቻ» ነው፣ ከንግዱ ጋር አገር ለአገር ዞሯል። በሦስት ቃል ሐረግ ውስጥ አንዱ አጋጣሚ፣ አንዱ ዘዋሪ ቃል።

አጋጣሚ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳየው የአውስትራሊያው ምባባራም ቋንቋ ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ሮበርት ዲክሰን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያን ቋንቋ ሲመዘግብ «ውሻ» የሚለው ቃል «ዶግ» ሆኖ አገኘው፤ እንደ እንግሊዝኛው። ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ይመስል ነበር። የጎረቤት ዘመድ ቋንቋዎች ሲታዩ ግን ውሻ በይዲኝ «ጉዳጋ»፣ በዲርባል «ጉዳ» ነው። ምባባራም የቃሉን መጀመሪያ ጥሎ፣ አናባቢውን ለውጦ፣ በራሱ መንገድ «ዶግ» ላይ ደረሰ። ቤተሰቡ ባይጠራ ማንም አያውቅም ነበር።

አጋጣሚ ያልሆኑት

የዝምድና ጉዳይ መጀመሪያ ይጣራ። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ሶማሊኛ ኩሻዊ ናቸው። ጆሴፍ ግሪንበርግ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱንም ወገን አፍሮ እስያዊ በተባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ መድቧቸዋል። የወላይትኛ ወገን የሆኑት ቋንቋዎች ከኩሻዊ ተለይተው ኦሞአዊ የተባሉት ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1969 ካቀረበው ሐሳብ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሀዋሳ ላይ የሚሰማ መመሳሰል «ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች» የሚል ርዕስ ሥር ወዲያው አይገባም። «አፍ»ን ይመልከቱ፦ አማርኛ አፍ፣ ኦሮምኛ ኣፋን፣ ሲዳምኛ ኣፎ፣ ሶማሊኛ ኣፍ። ትርጉሙም ከአፍ አልፎ «ቋንቋ» እስከማለት ይደርሳል፤ ሲዳሞች ቋንቋቸውን «ሲዳሙ ኣፎ»፣ ኦሮሞዎች «ኣፋን ኦሮሞ» ይላሉ። አራት ቋንቋ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ትርጉም፣ አንድ ዓይነት የትርጉም መስፋት፦ ይህ አጋጣሚ አይደለም።

ዝምድና ግን ትርጉምን አንድ አያደርግም። «ዋ» ረዝማ በሲዳምኛ ውኃ፣ በኦሮምኛ «አንዳች ነገር»፣ በሶማሊኛ ደግሞ «ነው» እንደሚለው የዓረፍተ ነገር ማሠሪያ ናት። ሦስቱም ኩሻዊ ናቸው፣ ትርጉሙ ግን ሦስት ነው። እዚህ ላይ ከዘመዶቹ ሀድይኛን ሲጨምሩ ውኃ «ዎኦ» ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ የሲዳምኛው «ዋ» ዘመዱ እሱ ነው እንጂ የኦሮምኛው «ዋ» አይደለም። የአማርኛውን «ውኃ»ም አይርሱ። ግዕዙና ትግርኛው «ማይ» ሲሉ አማርኛ ተለይቶ «ውኃ» ይላል፤ ስለዚህ «ዋ» እና «ውኃ»ን አጋጣሚ ብሎ መዝጋት ስህተት ነው። «ያልተቆረጠ» ላይ ይቀመጥ።

ውሰት ቶሎ ይለያል፤ ዕቃው ከነስሙ ስለሚዞር የምግብ፣ የመሣሪያ፣ የሃይማኖትና የጊዜ ቃላት ሁሉ መጀመሪያ እንደ ውሰት ይጠረጠሩ። «ቡና» በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሲዳምኛ አንድ የሆነው አንድ ዕቃ ስለሆነ ነው። በጃፓን «ቡና» የሚባል የዛፍ ዓይነት መኖሩና በሮማንኛ «ቡነ» ለሴት ፆታ «ጥሩ» ማለቱ ግን ከስኒያችን ጋር ግንኙነት የለውም።

የሕፃን አፍ ቃላትን ለብቻ ይለዩ። ሕፃን መጀመሪያ የሚቀናው በከንፈር የሚወጣ ድምፅ ነው፤ ማ፣ ባ፣ ፓ። ወላጆች ድምፁን ሰምተው ለራሳቸው ይወስዱታል። ስለዚህ «ባባ» በቱርክኛም በስዋሂሊም አባት ቢሆን ዝምድናን አያሳይም፤ በፖላንድኛ «ባባ» አሮጊት ናት። በጆርጂያኛማ «ማማ» አባት ነው፣ እናት «ዴዳ» ናት።

ከመዝገበ ቃላት ሲቀዱ

ሀዋሳ ላይ ተናጋሪ የማይገኝላቸው ቋንቋዎች ከመዝገበ ቃላት ይወሰዳሉ። ሦስት ጥፋት ይበዛል። አንደኛው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አለመስማት ነው፤ የጃፓንኛው «ዋ» የዓረፍተ ነገሩን ርዕስ የሚጠቁም ቃል ሲሆን የሚጻፈው በ«ሃ» ፊደል ነው። ሁለተኛው የድምፅ ከፍታን መጣል ነው። በቻይና ማንዳሪን «ማ» ከፍ ብሎ ከቆመ እናት፣ ከታች ወደ ላይ ከወጣ የቃጫ ተክል፣ ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ፈረስ፣ ከላይ ወደ ታች ከወደቀ መሳደብ ነው፤ ያለ ከፍታ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ሲመጣ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ነው። በካርዱ ላይ አምስት መስመር ይዛ መግባት አለባት። ሦስተኛው ከአንድ ትርጉም ላይ መቆም ነው። የኮሪያኛው «ኔ» አዎ ነው፤ በጽሑፍ «የአንተ» ማለትም ነው፣ እንደ ወላይትኛው። በግሪክኛ «ኔ» አዎ፣ በሰርብኛ ግን አይደለም ነው። ኮሪያኛና ግሪክኛ «አዎ» ላይ መገጣጠማቸው የዝምድና ሳይሆን የዚያች ጠባብ ማሰሮ ሥራ ነው።

የተጠናቀቀችው የ«ና» ካርድ እንዲህ ትነበባለች። አማርኛ፦ ላልቶ «ወደዚህ ቅረብ»፤ ጠብቆ፣ ከቃል ጭራ ላይ፣ ማያያዣ። ኦሮምኛ፦ አጥሮ «እኔን»፣ ረዝሞ «ለእኔ»። ስዋሂሊ፦ «እና»፣ «ጋር»። ኮሪያኛ፦ «እኔ»። ሩሲያኛ፦ «ላይ»፤ ዕቃ እየሰጡ ሲባል «እንካ»። ታጋሎግ፦ ነገሩ አሁን መድረሱን ወይም ማለቁን የሚያሳይ ቃል። በጀርባው ለእያንዳንዱ ጥንድ ውሳኔ አለ፤ በዚች ካርድ ላይ ሁሉም «አጋጣሚ» ናቸው።

ካርዱ ለተማሪ ከመነበቡ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። አጭር ቃል በአንዱ ቋንቋ ንጹሕ ሆና በሌላው ጸያፍ ልትሆን ትችላለች፤ ተጠያቂዎችም አፍረው አይናገሩም። ስለዚህ ለየቋንቋው አንድ ጎልማሳ ሰው፣ ቢቻል ከመዝጋቢው ጋር በፆታ አንድ የሆነ፣ ለብቻው ሆኖ ካርዱን ያንብበው። «ይህን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ባነበው ማን ይሸማቀቃል?» ተብሎ ይጠየቅ። የሚያሸማቅቅ ካለ መስመሩ ከካርዱ ይውጣ፤ በመዝጋቢው ደብተር ውስጥ ግን ይቆይ።